አሮጌው ኤም ዋን ዛሬ ይጠቅማል?

በሬ ሸጣችሁ ጠመንጃ ልትገዙ አስባችኋል? ወይስ ከአባታችሁ የቀረ ኤም ዋን ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል? እንግዲያው ይህን ጽሑፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም አንብቡለት።

ኤም ዋን የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ ነበር። ጆን ጋራንድ የሚባል ሰው ነው የፈለሰፈው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 ተቀበለው። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ይዘውታል። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጦር ርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ ወዲህ ለሠራዊታችን በብዛት መጣ።

ከምንሽር በምን ይለያል? ምንሽር በተተኮሰ ቁጥር በእጅ ይቀባበላል። በኤም ዋን ግን የባሩዱ ጋዝ ራሱ ቀለሁን አስወጥቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። እናንተ ምላጩን ደግማችሁ መሳብ ብቻ ነው። ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ታስሮ ይገባበታል። ማቀፊያው ጠፋ ማለት ጠመንጃው አንድ አንድ እየጎረሰ ነው የሚተኩሰው። ስታጎርሱም አውራ ጣታችሁን ጠብቁ፤ ብረቱ ተወርውሮ ሲዘጋ ጣት ይቀጠቅጣል።

ትልቁ ችግር ጥይቱ ነው። የኤም ዋን ጥይት 7.62 በ63 ሚሊ ሜትር ነው። የክላሽ ደግሞ 7.62 በ39 ነው። ሻጩ «ያው ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት ነው» ቢላችሁ አትመኑ። ሁለተኛውን ቁጥር አንብቡ! ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው። የክላሽን ጥይት የሚጎርሰው አሮጌ ጠመንጃ የሶቪየቱ ሲሞኖቭ ነው፤ አሥር ይይዛል። እሱም ጣጣ አለው። ጥይቱን የሚወጋው መርፌ በአሮጌ ቅባት ከተጣበቀ፣ ምላጭ ሳይነካ በራሱ ሊተኩስ ይችላል።

ከድሮ የቆየ ጥይት ሲተኮስ ብዙውን ጊዜ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ብረቱ ይዝጋል። ዘይት ብቻውን ጨው አያጥብም። በመጀመሪያ ጥይቱን ሁሉ አውጡ። ከዚያ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀቡት።

ታዲያ ለምን ትፈልጉታላችሁ? ለዝንጀሮ ከሆነ አስቡበት። የኤም ዋን ጥይት ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከዝንጀሮው ወዲያ የማን ጎጆ አለ? የማን እረኛ ልጅ አለ? ውሻና ወንጭፍ ማሳ ይጠብቃሉ፤ ጎረቤት አያስለቅሱም። በሬውን ከሸጣችሁስ በሰኔ በምን ልታርሱ ነው?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «የአባቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ፈቃድ ያለው ሰውም ምሰሶ ላይ አይስቀለው። ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ያወርደዋል። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ አንድ ቦታ ይቆለፍ፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ። ቁልፉ በአንገታችሁ ይንጠልጠል።