ተማሪዎች የሠሩት የማርስ ልብስ

ማርስ በተባለችው ፕላኔት ላይ ሙቀቱ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ የአየሩም ግፊት ከምድራችን የአየር ግፊት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መከላከያ ልብሱ ቢቀደድበት ቀድሞ የሚጎዳው ብርዱ ሳይሆን የግፊቱ ማነስ ነው፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ በኖርዝ ዳኮታ ግዛት የሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች፣ ለማርስ የሚሆን ልብስ ለመሥራት ተነሡ። መሪያቸው አርጀንቲናዊው መሐንዲስ ፓብሎ ዴ ሌዎን ነበር፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን 100 ሺህ ዶላር የሰጠው ናሳ የተባለው የጠፈር ምርምር ድርጅት ነው።

ብርድን የሚከላከል ልብስ መስፋት ያን ያህል አያስቸግርም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። ሰውየው በሕይወት እንዲቆይ ልብሱ በውስጡ አየር መያዝ አለበት፤ አየር የተሞላ ልብስ ደግሞ እንደ ተነፋ ኳስ ይወጠራል። ክርን በታጠፈ ቁጥር የእጅጌው ውስጣዊ ይዘት ስለሚቀንስ፣ ክንዱን የሚያጥፈው ሰው አየሩንም ጭምር መጭመቅ ይኖርበታል። ጉልበቱን በለቀቀ ጊዜ አየሩ ክንዱን መልሶ ይዘረጋዋል። ረጅም ፊኛ ነፍቶ ለማጠፍ የሞከረ ልጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ የጠፈር ልብስ ሠሪዎች መጋጠሚያዎቹን እንደ አኮርዲዮን ሆድ እጥፍጥፍ አድርገው ይሠራሉ፤ በአንዱ ወገን ያለው እጥፋት ሲጨመደድ በሌላው ወገን ያለው ይዘረጋል፣ በውስጡ ያለው የአየር ይዘትም እምብዛም አይለወጥም። ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ ያስቸገረው ጓንቱ ነው። በጠፈር ላይ ለብዙ ሰዓት በእጃቸው ከሠሩት ሰዎች መካከል ጥፍራቸው የተነቀለባቸው አሉ።

ተማሪዎቹ የሠሩት ልብስ 21 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ2006 ዓ.ም. በዚያው ግዛት ምዕራባዊ ክፍል ባለው ደረቅና የተሸረሸረ ምድር ላይ ተፈተነ። ለብሶት የተራመደው ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ይህ በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው፣ የራሱን ስፌት በራሱ ገላ የሚፈትን ሰው ክር አይቆጥብምና። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ልብሱ ወደ አንታርክቲካ ተወስዶ፣ ማራምቢዮ በተባለው የአርጀንቲና ጣቢያ በብርድ ውስጥ ተሞከረ።

በምድር ላይ የሚደረግ ፈተና ሊያሳይ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ክብደት ነው። የማርስ ስበት ከምድራችን ስበት 38 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በኖርዝ ዳኮታ ተማሪውን የተጫነው ልብስ በማርስ ላይ 8 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሆኖ ይሰማዋል።