የባለሸራ ጀልባ ቃላትና የባሕር አየር ጠባይ

ስለ ባለሸራ ጀልባ ጉዞ የሚነገርበት ቃል በአማርኛ ጨርሶ የለም የሚለው አስተያየት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። «ሸራ»፣ «መልሕቅ»፣ «መቅዘፊያ» የታወቁ ናቸው። ሸራው የሚሰቀልበት ቋሚ እንጨትም «ደቀል» ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛው «ደቀል» ጋር አንድ ሲሆን፣ ትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 27 የጢሮስን መርከብ በሚገልጽበት ስፍራ ይገኛል። «የሸራ ምሰሶ» እያሉ የሚደክሙ ተርጓሚዎች አስቀድመው መዝገበ ቃላት ቢገልጡ ይበጃቸዋል።

ችግሩ የሚከፋው አየሩ ሲለወጥ ነው። ነፋስ ሲበረታ መርከበኛው ሸራውን ከግርጌው በኩል ጥቂት አጥፎ ያስረዋል፤ የቀረው ግን እንደተወጠረ ይቆያል። ይህን «ሸራ ማውረድ» ብሎ መተርጐም አደገኛ ስሕተት ነው። የነፋስ ፍጥነት ዕጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት ዕጥፍ ስለሚሆን፣ ሸራው ያልተቀነሰለት ጀልባ በጐኑ ይጋደማል፤ ሸራው ጨርሶ የወረደበት ደግሞ ለመሪው መታዘዝ ተስኖት ለሞገድ ጐኑን ሊሰጥ ይችላል። መመሪያውን አንብቦ የሚሠራ ሰው ሕይወቱን በዚያ አንድ ግሥ ላይ ጥሏል ማለት ነው። «ማጠፍ» ይሻላል፤ ሆኖም አውርዶ ማስቀመጥን ስለሚያስመስል እኛ «ሸራ መቀነስ» የሚለውን እንመርጣለን።

ለነፋሱ ስም ከባሕር ርቀን መኖራችን ያን ያህል አይጐዳንም። ከመገናኛ ወደ እንጦጦ የሚመለከት ሰው ክረምት ከተራራው የሚያወርደውን ውሽንፍር ያውቀዋል። «ውሽንፍር» ግን ያለ ዝናብ አይነገርም፤ በባሕር ላይ ድንገት ተነሥቶ ወዲያው የሚያልፈው ብርቱ ነፋስ ዝናብ ላይኖረው ስለሚችል «ድንገተኛ ወጀብ» ቢባል ይስማማል። «ዐውሎ ነፋስ»ን ለሁሉም ማዋል ልማድ ሆኗል። በቦፎርት መለኪያ 8ኛው ደረጃ በሰዓት ከ34 እስከ 40 ኖቲካል ማይል ሲሆን፣ የመጨረሻው 12ኛው ከ64 ይጀምራል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት መለኪያውን ከንቱ ያደርገዋል። «ዐውሎ ነፋስ» ለ12ኛው ብቻ ይጠበቅ።

ሌላው የሚያሳስተው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ከሩቅ ወጀብ ተነሥቶ የሚደርሰው ረጅም ሞገድ ነው። «ማዕበል» ቢባል አንባቢው ቁጣን ያስባል፤ «ሩቅ ሞገድ» ማለት መነሻውንም ያመለክታል።

በየአራት ሰዓቱ እየተፈራረቁ ጀልባዋን ለሚጠብቁ ሰዎች አዲስ ስያሜ መፍጠር አያስፈልግም፤ «ተራ» እና «ተረኛ» ይበቃሉ።