የጃፓንኛ ግሥ ርባታ

የጃፓንን ቋንቋ ለመማር የተነሣ አማርኛ ተናጋሪ፣ ማሰሪያ አንቀጹን እንደ ገዛ ቋንቋው በዐረፍተ ነገሩ ፍጻሜ ተቀምጦ ስለሚያገኘው በዚህ በኩል አይቸገርም፤ ይልቁንም ግሡ በመራሕያን የማይለዋወጥ፣ «ካኩ» የሚለው አንዱ ቃል እጽፋለሁ፣ ትጽፊያለሽ፣ ይጽፋሉ ለማለት ሁሉ የሚበቃ፣ ለትንቢትም የተለየ መልክ የሌለው መሆኑን ሲረዳ ሸክሙ ይቀልለታል።

እጅግ የሚያስደስተኝ ግን ፊደላችንን የቈጠረ ሰው በቀላሉ የሚያስተውለው ምስጢር ነው። የአብዛኞቹ ግሦች መድረሻ ፊደል ከካዕብ ተነሥቶ ወደ ራብዕ፣ ወደ ሣልስ፣ ወደ ኃምስና ወደ ሳብዕ ይመላለሳል፤ ካኩ የነበረው በአሉታ ካካናይ፣ በአክብሮት አነጋገር ካኪማስ፣ «ቢጽፍ» ለማለት ካኬባ፣ «እንጻፍ» ለማለትም ኮው ረዝሞ ካኮ ይሆናል፤ ጃፓናውያንም ይህን ወገን ባለ አምስት ደረጃ ይሉታል።

ሁለተኛው ወገን ቀላል ነው፤ ታቤሩ፣ ማለት መብላት፣ ሩን ጥሎ ታቤናይ፣ ታቤማስ ይላል። ከሥርዐት የወጡት በተለይ ሱሩ (ማድረግ) እና ኩሩ (መምጣት) ናቸው።

ብዙ ድካም የሚጠይቀው ቦዝ አንቀጹ ነው፤ «ጽፎ» ለማለት ካኩ ካይቴ፣ «ጠጥቶ» ለማለት ኖሙ ኖንዴ ሲሆን፣ ኢኩ፣ ማለት መሄድ፣ የካኩን ፈለግ ትቶ ቴውን አጥብቆ ኢቴ ይላል። ደግሞም መመለስ የሚለው ካኤሩ አሉታው ካኤራናይ ሲሆን፣ መለወጥ የሚለው ካኤሩ ግን ካኤናይ ስለሚል፣ ተማሪው እያንዳንዱን ግሥ ከነአሉታው እንዲያጠና አጥብቄ እመክራለሁ።