የተወርዋሪ ከዋክብት ሌሊትና የካሜራ ምስክርነት

ዘንድሮ ነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 12 ቀን 2026፣ ጨረቃ በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በስፔን ሰማይ ላይ ፀሐይን ፈጽማ ትጋርዳለች፤ ያው ዕለት ሲመሽም ምድራችን፣ ስዊፍት ተትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በየ133 ዓመቱ ሲመላለስ በመንገዱ የበተነውን ትቢያ አቋርጣ የምታልፍበት፣ የፐርሴየስ ተወርዋሪ ከዋክብት እጅግ የሚበዙበት ሌሊት ይገባል። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ከፀሐይ ጋር በተገናኘችበት ዕለት ብቻ ስለ ሆነ፣ የዚያ ሌሊት ጨለማ በጨረቃ ብርሃን አይደፈርም፤ ስለዚህም በስፔን ገጠር የሚሰማራው ፎቶግራፍ አንሺ፣ ወደ ማታ ላይ የተጋረደችውን ፀሐይ ካነሣበት ስፍራ ሳይነቃነቅ፣ ካሜራውን አዙሮ እስከ ንጋት ድረስ ተወርዋሪዎቹን ሊጠብቅ ይችላል። ሁለቱ ሰማያዊ ትርኢቶች በአንድ ዕለት መገጣጠማቸው፣ ተወርዋሪ ኮከብን በፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ ዛሬ ከምን ደረጃ እንደ ደረሰና በምን ክርክር እንደ ተያዘ ለመዳሰስ በቂ ምክንያት ሆኖ አግኝተነዋል።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ኖቬምበር 27 ቀን 1885፣ ለሁለት ተከፍሎ ከጠፋው ከቢየላ ጅራታም ኮከብ የተረፈው ትቢያ በአውሮፓ ሰማይ ላይ እንደ ዝናብ በወረደ ጊዜ፣ በፕራግ የክሌመንቲኑም የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበረው ላዲስላውስ ቫይኔክ የአንዱን ተወርዋሪ መስመር በመስተዋት ሰሌዳ ላይ አስቀረ፤ በታሪክ የሚታወቀው የመጀመሪያው የተወርዋሪ ኮከብ ፎቶግራፍ ይህ ሲሆን፣ ባለፈው ኅዳር 140 ዓመት ሞልቶታል። ከእርሱም በኋላ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ኤልኪን የብስክሌት ጎማ በሌንሱ ፊት እያሽከረከረ የብርሃኑን መስመር በመቈራረጥ የተወርዋሪውን ፍጥነት ለመለካት ሞከረ፤ የሃርቫርዱ ፍሬድ ዊፕልም በ1930ዎቹ በሁለት የተራራቁ ጣቢያዎች አንዱን ተወርዋሪ በአንድ ጊዜ የማንሣትን ሥርዐት አቋቋመ።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ግን ጎልቶ የታየው፣ በእኔ አስተያየት፣ በቼኮስሎቫኪያ ነው። ዝዴንየክ ጨፕሌኻ የተባለው ሊቅ በኦንድርዠዮቭ መመልከቻ ካሜራዎቹን በየሌሊቱ ወደ ሰማይ ከፍቶ ይጠብቅ ነበርና፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1959 ማታ ሌሊቱን እንደ ቀን ያበራ አንድ ታላቅ የእሳት ኳስ በዚያች አገር ላይ ሲያልፍ፣ የሁለት ጣቢያዎች ካሜራዎች በየበኩላቸው አነሡት። ጨፕሌኻ ከሁለቱ ሥዕሎች ከፍታውንና አቅጣጫውን፣ ከተቈራረጠውም መስመር ፍጥነቱን አስልቶ፣ ድንጋዩ የወደቀበትን ስፍራ ከማመልከቱም በላይ፣ ወደ ምድር ከመምጣቱ በፊት በማርስና በጁፒተር መካከል ካለው የትናንሽ ዓለማት መንደር ይመላለስ እንደ ነበር አስረዳ፤ በፕርዢብራም ከተማ አካባቢም በተደረገው ፍለጋ አራት ስብርባሪዎች ተገኙ። ከዚያ በፊት ከሰማይ የወረደ ድንጋይ በእጁ የያዘ ሰው ብዙ ነበር፤ ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ በፎቶግራፍ ማስረጃ ለመናገር የቻለ ግን አልነበረም። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ በ2002 ኤፕሪል 6 ቀን በጀርመን ኖይሽቫንሽታይን አጠገብ የወደቀው ድንጋይ፣ በአውሮፓ የእሳት ኳስ ካሜራዎች ሲነሣ፣ መንገዱ ከፕርዢብራሙ መንገድ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ መገኘቱ ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ በመመልከቻ ጣቢያ ግቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ካሜራና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ሰፊ ሌንስ፣ ከ14 እስከ 24 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው እስከ 2.8 ወይም ከዚያ በላይ የሚከፈት፣ የአይ.ኤስ.ኦ. መጠኑ 3200 ገደማ፣ የመጋለጫው ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ፣ ትኵረቱም በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ የተስተካከለ ይሁን፤ ካሜራውም ያለ ዕረፍት ደጋግሞ እንዲያነሣ ይታዘዝ። ስለ ባትሪ፣ ስለ ጤዛና ስለ ማስታወሻ ካርድ በብዙ ቦታ ስለ ተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት አንድ ነገር ግን አለ፤ ሌንሱን በረጅሙ ከፍቶ መተው ተወርዋሪውን የሚያደምቀው ይመስላቸዋል። ኮከብ በቦታው ስለሚቈይ ብርሃኑ በአንድ ነጥብ ላይ ይጠራቀማል፤ ተወርዋሪው ግን በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ኪሎሜትር የሚሮጥ በመሆኑ፣ በካሜራው ውስጥ እያንዳንዱን ነጥብ የሚነካው ለሴኮንድ ጥቂት ሺኛ ያህል ብቻ ነውና፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ጊዜ ሁሉ የሰማዩን ፍካት ብቻ ያበዛል። ለደካማው ተወርዋሪ የሚጠቅመው የሌንሱ ስፋትና የካሜራው ንቃት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቆምንበት የምድር ገጽ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ትጋሃ ሌሊትን የሚወድ ከሚተኛው ይልቅ ብዙ ያያል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ኖቬምበር 17 ቀን 1966፣ ቴምፕል ተትል ከተባለው ጅራታም ኮከብ የሚመነጩት የአሰድ ተወርዋሪዎች በአሜሪካ ምዕራብ ላይ እንደ ወጀብ በወረዱ ጊዜ፣ በአሪዞና በኪት ፒክ ተራራ የነበረው ዴኒስ ሚሎን ሌንሱን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከፍቶ፣ በአንድ ፊልም ላይ በዐሥር የሚቈጠሩ መስመሮች ከአንድ መፍለቂያ ነጥብ ሲፈነጥቁ አስቀረ። ያን ሥዕል የሠራው ሰማዩ ራሱ ነው። ዛሬ በመጽሔትና በስልክ መስኮት የምናያቸው፣ መቶ ተወርዋሪዎች በአንድ ተራራ ላይ የሚረግፉባቸው ሥዕሎች ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ድርድር ናቸው፦ ፎቶግራፍ አንሺው ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት በየ20 ሴኮንዱ ሲያነሣ ቢያድር ከ1,200 በላይ ሥዕሎች ይኖሩታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ተወርዋሪ የያዙትን ለቅሞ መስመራቸውን ቈርጦ በአንዱ ሥዕል ላይ ይደራርባቸዋል።

ድርድሩ በራሱ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ነገር ግን ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር፣ በሰባት ሰዓት ከ100 ዲግሪ በላይ ይዞራልና፣ እያንዳንዱ መስመር በመጀመሪያ ከነበረበት የሥዕሉ ጥግ እንዳለ ቢለጠፍ መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ይምታታሉ፤ የመፍለቂያው ነጥብም ይጠፋል። ትክክለኛው ሥራ እያንዳንዱን ሥዕል በከዋክብቱ ልክ አዙሮ ከመሠረቱ ሥዕል ጋር ማስማማት ነው፤ ያን ጊዜ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ቢሳቡ በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ድርድር ምድር በትቢያው ጅረት ውስጥ ስትጓዝ ያደረችውን ጉዞ ያሳያል፤ ዐይን በአንድ ጊዜ ያላየውን እውነት ይገልጣል። በድፍረት የተለጠፈው ግን ውበት ቢኖረውም ምስክርነት የለውም፤ ይባስ ብሎም አንድ ሰው ይህን አይቶ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቂት ብልጭታ ብቻ ሲያይ፣ ሰማይ ያታለለው ይመስለዋል። ናሳ ከ1995 ጀምሮ በየቀኑ አንድ የሰማይ ሥዕል ከነማብራሪያው ሲያወጣ፣ ድርድር የሆነውን ድርድር ነው ብሎ መግለጡ ለሁላችን አርአያ ሊሆን ይገባል።

በ2019 ሜይ የመጀመሪያዎቹ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ከተላኩ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። ተወርዋሪ ጫፎቹ የቀጠኑ፣ መካከሉ የሰፋ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ በኩል አረንጓዴነት የሚታይበት መስመር ሲያሠምር፣ ሳተላይት ግን ዳር እስከ ዳር እኩል መስመር ይሥላል፣ በሚቀጥለውም ሥዕል ላይ ጉዞውን ይቀጥላል። ይህን ሳይለይ ሳተላይቶችን ከተወርዋሪዎች ጋር የደረደረ ሥዕል በየዓመቱ ይወጣል፤ ማረሚያው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሥዕሎች መመልከት ብቻ ነበር።

ለእኛ የፍልሰታ ጾም ወቅት ክረምት ስለ ሆነ፣ የነሐሴዎቹን ተወርዋሪዎች ደመናው ይነሣናል። በነቢያት ጾም፣ ከታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ የሚወርዱት የጀውዝ ተወርዋሪዎች ግን የእኛ ናቸው፤ ሰማዩ የጠራ፣ የመፍለቂያው ነጥብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከአናታችን ብዙም የማይርቅ፣ ተወርዋሪዎቹም የአሰዶቹ በሴኮንድ 71 ኪሎሜትር ሲሮጡ እነርሱ 35 ብቻ የሚጓዙ በመሆናቸው፣ በካሜራው ላይ ብርሃናቸው ጠንከር ብሎ ይቀራል። በ2019 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጨረቃዋ ገና ለጋ ስለምትሆን እኩለ ሌሊት ሳይሆን ትጠልቃለች። እንግዲህ ካሜራ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከከተማው መብራት ርቃችሁ ያን ሌሊት በትጋት አንሡ፤ በእያንዳንዱም ሥዕል ሥር ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የመጋለጫውን ጊዜና ነጠላ ወይስ ድርድር መሆኑን ጻፉ።