ፍቅር ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውምን?

በጌታ የተወደዳችሁ ባለትዳሮችና ለትዳር የምትዘጋጁ ወጣቶች፣ ከመካከላችሁ «ላቭ ስቶሪ» የተሰኘውን የቆየ የአሜሪካ ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። ኤሪክ ሲገል በጻፈውና አርተር ሂለር ዳይሬክት ባደረገው በዚህ ፊልም ላይ ራያን ኦኒልና አሊ ማግሮው ተውነውበታል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ታሪኩ በዚያው ዓመት በመጽሐፍም ታትሟል፤ ሙዚቃው ደግሞ ኦስካር ተሸልሟል። ብዙዎች አይተውት አልቅሰዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ። እንባዬን ከጠረግሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ።

የባለጸጋው ልጅና የዳቦ ጋጋሪው ልጅ

ኦሊቨር ባሬት የታወቀ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነው። በሚማርበት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በቤተሰቡ ስም የተጠራ ሕንጻ እንኳ አለ። ጄኒ ደግሞ በሮድ አይላንድ ግዛት የሚኖር የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት፤ ሙዚቃ ታጠናለች። ሁለቱ ተዋደዱ። የኦሊቨር አባት ግን የሕግ ትምህርቱን እስኪጨርስ እንዲቆይ መከሩት፤ አሁን ካገባት ከእርሳቸው ምንም እንዳይጠብቅ ነገሩት። እርሱም ምክሩን እንደ ንቀት ቆጥሮ ጥሏቸው ወጣ።

ጄኒ ፓሪስ ሄዳ ሙዚቃ የመማር ዕድሏን ትታ አገባችው። ሰርጋቸው በቤተ ክርስቲያን አልሆነም፤ የወደዱትን ግጥም አንዳቸው ለሌላው አንብበው ተጋቡ። ከዚያ እርሱ ሲማር እርሷ እያስተማረች ኑሯቸውን ቻሉ። ልብ በሉ፤ እጦት አላለያያቸውም። ትዳራቸውን ሊያፈርስ የደረሰው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር።

ያልተጠየቀ ይቅርታ

አባትየው 60ኛ የልደት በዓላቸውን ሲያከብሩ ልጃቸውንና ምራታቸውን ጠሩ። ጄኒ ባሏን ታረቅ ብላ ለመነችው፤ እርሱ እምቢ አለ። እርሷ ስልኩን አንስታ አማቷን ስታነጋግር በቁጣ ጮኸባት፤ ከሕይወቴ ውጪልኝ አላት። ወጥታ ሄደች። ሲፈልጋት ውሎ በመጨረሻ በራቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት፤ ቁልፏን ረስታ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት አቋረጠችው። የሚዋደዱ ሰዎች ይቅርታ መባባል እንደማያስፈልጋቸው ነገረችው።

ይህ አባባል በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦኒል ራሱ በተወነበት ሌላ አስቂኝ ፊልም ላይ ይኸው አባባል ሲነገረው ከዚህ የባሰ የጅል ንግግር ሰምቶ እንደማያውቅ ይመልሳል። ሰዎች ሳቁ። እኔ ግን የ«ላቭ ስቶሪ» መጨረሻ ራሱ መልሱን የሰጠ ይመስለኛል።

ጄኒ በጠና ታማ በ25 ዓመቷ ትሞታለች። ኦሊቨር 5,000 ዶላር ለመበደር አባቱ ዘንድ ሲሄድ «ሚስቴ ልትሞት ነው» ማለት አቃተው። አንዲት ሴት ችግር ላይ ጥሎ የመጣ መስሏቸው ሲጠይቁት አዎን ብሎ ዋሻቸው። አባት ገንዘቡን ጻፉለት። እውነቱን ሲሰሙ ወደ ሆስፒታል መጥተው ማዘናቸውን ነገሩት፤ በእንግሊዝኛው ያ ቃል ይቅርታ መጠየቅም ይሆናል። ልጅ የሚስቱን አባባል መልሶላቸው ብቻውን ወደ በረዶው ሄደ። ሀብታምና ድሃን ያጋባ ፍቅር አባትና ልጅን ማስታረቅ አልቻለም፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ደጅ ቀርቷልና።

ጓዳ የቀረበ ምሳ

ይህ የአሜሪካ ባለጸጎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነው። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት እናቱ ከገጠር መጡ። በዚያው ቀን እንግዶች ነበሩን። እንግዶቹን ሳሎን አስቀምጬ ለእርሳቸው «እዚህ ይመችዎታል» ብዬ ምሳቸውን ጓዳ አቀረብኩ። ባለቤቴ አየ፤ ምንም አላለም። እኔም «ይወደኛል፤ ይረዳኛል» ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ቤታችን ከበደ። በሦስተኛው ማታ «አሳፍሬብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። «እኔን ሳይሆን እርሳቸውን» አለኝ። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ» ብለው አንስተው ግንባሬን ሳሙኝ። ፍቅራቸውን ከዚያ በፊትም አልነፈጉኝም ነበር፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ያየኋቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ ባለጸጋ ነው፤ ሩት ሞዓባዊት ቃርሚያ ለቃሚ ናት። እርሱ ግን ከአጫጆቹ ጋር በማዕድ አስቀመጣት፤ እሸቱንም በእጁ አቀበላት (ሩት 2፡14)። በኋላም በከተማይቱ በር በሽማግሌዎች ፊት ወሰዳት። ሩትም ባል ለማግኘት አማቷን አልጣለችም። ልዩነታቸው ትልቅ ነበር፤ የተናቀ ሰው ግን በመካከላቸው አልነበረም።

የተወደዳችሁ፣ ከተለያየ ቤት የመጣ ባልና ሚስት ሁሉ ሳያውቀው የሚያቆስለው ሰው አለ፤ አማት፣ አባት፣ ወንድም። «ይወዱኛልና ይገባቸዋል» አትበሉ። ቃሉ እርስ በርሳችን ኃጢአታችንን እንድንናዘዝ (ያዕቆብ 5፡16)፣ በቁጣችንም ላይ ፀሐይ እንዳይገባ (ኤፌሶን 4፡26) ያስተምረናል። ይህ ለሚዋደዱ የተሰጠ ትምህርት ነው።

ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ተቀመጡና ተጠያየቁ፤ በአንተ ወገን ወይም በእኔ ወገን ያልደወልንለት ማን አለ? ስሙን ካገኛችሁት ለነገ አታሳድሩት። ኦሊቨር ያ ስልክ በጄኒ እጅ ሳለ ቢቀበላት ኖሮ፣ በሆስፒታሉ ደጃፍ ከአባቱ ጋር አብሮ ባለቀሰ ነበር።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።