ነጋዴና የጊዜያዊ መግቢያ ቪዛ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገራችን ሰው። በቀድሞው ዘመን ከጎጃም ተነሥቶ፣ አጋሰሱን ጭኖ ዓባይን የሚሻገር ሲራራ ነጋዴ በየኬላው የሚጠየቀውን ቀረጥ አስቀድሞ ሳያጠና ከቤቱ አይወጣም ነበር። ዛሬ አጋሰሱ በአውሮፕላን ቢተካም ኬላው አልቀረም፤ ስሙ ቪዛ ተብሎአል። ደንቡን ሳያጠና የሚነሣ ነጋዴም እንደ ጥንቱ ሁሉ ጊዜውንና ገንዘቡን ይከስራል።

የዱርቤቴ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ባለሱቆች ሸቀጣቸውን ከባሕር ዳርና ከመርካቶ ጅምላ አከፋፋዮች መግዛት የለመዱ ናቸው። ከዚህ አልፎ ዕቃውን ከተሠራበት አገር ራሱ ሊያስመጣ፣ ወይም ለበርበሬውና ለጥራጥሬው በውጭ አገር ገዢ ሊፈልግ የሚያስብ ነጋዴ ግን ከባንክ ጉዳይ ጋር የቪዛ ጉዳይ ይገጥመዋል። ኤምባሲዎቹ የሚገኙት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ ከዱርቤቴ የሚነሣ ሰው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ አለበት። በአንድ ወረቀት ጉድለት ተመልሶ መምጣት፣ የመንገዱም ሁኔታ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ መመላለስ፣ ገና ያልተገኘውን ትርፍ አስቀድሞ ይበላል።

ጊዜያዊ ቪዛ ማለት አንድ የውጭ አገር ሰው ለተወሰነ ጉዳይና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲገባ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ቪዛውን የተቀበለ ነጋዴ ከኤምባሲው ደጅ ሳይርቅ ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባዋል። አንደኛ፣ የተሰጠው ለምን ጉዳይ ነው? ሁለተኛ፣ ለመግባት የሚያገለግለው እስከ መቼ ነው፤ ከገቡ በኋላስ ስንት ቀን ያስቆያል? ሦስተኛ፣ ስንት ጊዜ ያስገባል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው። ቪዛው ለሦስት ወር ያገለግላል ቢባል በሦስቱ ወር ውስጥ መግባት ይቻላል ማለት እንጂ ሦስት ወር መቀመጥ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። የመቆያው ቀን ለብቻው ይወሰናል፤ 30 ቀን ከተባለ 30 ቀን ነው።

ለምሳሌ ቻይናን እንመልከት። በጓንጁ ከተማ በ1949 ዓ.ም. የተጀመረው የካንቶን የንግድ ትርኢት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመከር፣ ይኸውም በእኛ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ ይካሄዳል። የቻይና መንግሥት ቪዛዎቹን በፊደል ይለያል። «ኤል» ለጉብኝት፣ «ኤም» ለንግድ፣ «ኤክስ» ለትምህርት፣ «ዜድ» ለቅጥር ሥራ፣ «ጂ» ለማለፊያ ነው። «ኤም» ራሱን ችሎ የተለየው በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን ከዚያ በፊት ነጋዴው የሚሄደው በ«ኤፍ» ነበር። «ኤም» የሚጠይቅ ሰው ከቻይና የንግድ ባልደረባው ወይም ከትርኢቱ አዘጋጅ የመጥሪያ ደብዳቤ ማቅረብ አለበት። ከደረሰም በኋላ ሆቴሉ ያስመዘግበዋል፤ በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት ያረፈ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ በፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ ግዴታው ነው። ከተፈቀደለት ቀን አሳልፎ የተገኘ ሰው በማስጠንቀቂያ ሊታለፍ ይችላል፤ ጥፋቱ ከከበደ ግን በየቀኑ 500 ዩዋን፣ እስከ 10,000 ዩዋን ድረስ ይቀጣል፤ ወይም ይታሰራል።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ላኪ የሚያገኘው የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ በ29 አገሮች ውስጥ ያዘዋውራል፤ ልኩም በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። ማመልከቻውም የሚቀርበው ዋናው ጉዳይ ላለበት አገር ኤምባሲ ነው። በተጨማሪም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ በእነዚህ አገሮች አየር ጣቢያ አውሮፕላን ለመለወጥ ብቻ እንኳ የማለፊያ ቪዛ እንደሚጠየቅ ማወቅ ይገባዋል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የማመልከቻው መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ስላደረገ ቀጠሮ ያለው ነጋዴ ቀደም ብሎ መነሣት ያሻዋል።

አሜሪካ ደግሞ ነጋዴውን በ«ቢ 1»፣ ጎብኚውን በ«ቢ 2» ትቀበላለች። የ«ቢ 1» ባለቤት ውል መዋዋል፣ ዕቃ መመርመርና ስብሰባ መካፈል ይችላል፤ በዚያ አገር ተቀጥሮ ደመወዝ መቀበል ግን አይችልም። እዚያም የሚቆይበትን ቀን የሚወስነው በመግቢያው በር ያለው ሹም እንጂ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን አይደለም።

ነገሩ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ይነካል። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኝባት በቡሬ አካባቢ ማሽን የሚያስመጣ ባለሀብት ተካዩን ባለሙያ አብሮ ይጠራል። እንግዳውን በቱሪስት ቪዛ ጠርቶ ማሽን ማስተከል ግን እንግዳንም ጋባዥንም ያስጠይቃል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 ቪዛን በየጉዳዩ ይለያል፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎትም ለባለሀብት፣ በግል ድርጅት ለሚሠራ፣ ለስብሰባ ለሚመጣና ለሌሎችም የተለያየ ቪዛ ይሰጣል። ቪዛም የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ የውጭ አገር ዜጋ ተቀጥሮ እንዲሠራ ከቪዛው ሌላ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ወገን ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል።

እንግዲህ ለጉዞ የሚዘጋጅ ነጋዴ የታደሰ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫውን፣ የመጥሪያ ደብዳቤውንና ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት አሟልቶ ይያዝ። የንግድ ምክር ቤት አባል ከሆነም የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቅ። ደንቡ በየጊዜው የሚለወጥ ስለ ሆነ ከመነሣቱ በፊት ከኤምባሲው ራሱ ያረጋግጥ።

ከሁሉ በላይ ግን በደላላ ምክር ያልሆነውን ሆኛለሁ ብሎ ከማመልከት ይጠንቀቅ። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሐሰት ከመዝገብ አይወጣም፤ በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ሆን ብሎ ሐሰት ያቀረበ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል። ለነጋዴ ደግሞ ከካፒታሉ ይልቅ የሚበልጠው ስሙ ነው። በዱርቤቴ ገበያ ዱቤ የሚያሰጠው ይኸው ስም በኤምባሲውም መስኮት ፊት ይመዘናል።