አንድ ማኅደር ለተለያዩ ሽጉጦች፦ በፈረቃ ለሚሠራ ጥበቃ የአመራረጥ መመዘኛ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ዓለም ባንክ ባሉ መኖሪያና ንግድ በተቀላቀሉባቸው ሰፈሮች፣ የታጠቀ ጠባቂ የሚቆመው ከገበያተኛና ከታክሲ ተሰላፊ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መታጠቅን በፈቃድ ሥርዓት ሥር አስገብቷል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከፈቃዱ በኋላ የሚመጣ ነው፦ ጠባቂዎች በፈረቃ የሚቀባበሉት ቀበቶ አንድ፣ ሽጉጦቹ ግን የተለያዩ ቢሆኑ፣ ለሁሉም የሚበቃ ማኅደር መምረጥ ይቻላልን?

ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ የልክ ይመስላል። ማካሮቭ 161 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ቶካሬቭ ቲቲ-33 ደግሞ ወደ 195 ሚሊ ሜትር። ይህ ልዩነት አያስቸግርም፤ ታችኛው ጫፉ ክፍት የሆነ ማኅደር አጭሩንም ረጅሙንም ይቀበላል። ወሳኙ ልዩነት ምላጩ ላይ ነው። ማካሮቭ በግራ ጎኑ የእጅ መጠበቂያ አለው፤ መምቻው ካልተወጠረም የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ቶካሬቭ በመጀመሪያ አሠራሩ የእጅ መጠበቂያ የለውም። ጥይት ጎርሶ መምቻው ከተወጠረ ምላጩ በአጭር ስበት ይተኩሳል። ስለዚህ በአንዱ ላይ ጉዳት የማያደርስ የጨርቅ እጥፋት በሌላው ላይ ሰው ሊገድል ይችላል።

«ለሁሉም ልክ» ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ የጨርቅ ማኅደር ድክመቱ እዚህ ላይ ይገለጣል። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይጨማደዳል፤ መልሶ ሲከተት የጨርቁ ጠርዝ ምላጩን በሚከበው ቀለበት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለአንዱ ሽጉጥ የተስተካከለ ማሰሪያም የሌላውን መጠበቂያ ሊነካ ይችላል። ቆዳም ሁሉ አንድ አይደለም፦ በዕፅዋት የለፋ ወፍራም ቆዳ ረጥቦ በሽጉጡ ላይ ከተጨመቀ በኋላ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል፤ በክሮም የለፋው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የቆዳ ሠሪ ደንበኛ ሊጠይቀው የሚገባው ከቀለሙ በፊት ይህን ነው።

የቀድሞው የሶቪየት ሠራዊት የማካሮቭ ማኅደር ከላይ የሚዘጋ ክዳንና የትርፍ ካዝና ኪስ ነበረው። ክዳኑ ሽጉጡን ለማውጣት ያዘገያል፤ ነገር ግን ዝናብንም የሌላ ሰው እጅንም ይከለክላል። በግፊያ መካከል ለሚቆም ጠባቂ ይህ መዘግየት የሚያዋጣ ይመስለኛል። ፍጥነትን አብዝተው የሚያወድሱ ሻጮች በአእምሯቸው የያዙት የተኩስ መለማመጃ ሜዳን እንጂ የታክሲ ሰልፍን አይመስልም።

ፈተናው ባዶነቱ በሁለት ሰዎች በተረጋገጠ ሽጉጥ ሊደረግ ይችላል። ማኅደሩ ከውጭ በጣት ሲጫን ምላጩ ከተንቀሳቀሰ፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ከተዘጋ፣ ወይም ማሰሪያው ታስሮ ሲገለበጥ ሽጉጡ ከወደቀ ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም። ፈተናው ለእያንዳንዱ የሽጉጥ ዓይነት ለየብቻ መደገም አለበት፤ ማካሮቭን ያሳለፈ ማኅደር ለቶካሬቭ ማረጋገጫ አይሆንም።

በዚህ መለኪያ፣ አንድ ማኅደር በቅርጽና በመጠበቂያ አሠራር ለተቀራረቡ ሽጉጦች ሊያገለግል ይችላል፤ ለማካሮቭና ለቶካሬቭ በጋራ ግን አይመከርም። ቀበቶው የጋራ ሆኖ ማኅደሩ ከሽጉጡ ጋር ቢመዘገብና አብሮት ርክክብ ቢደረግበት ወጪው ብዙ አይጨምርም። በክረምት ግን ሽጉጡ በማኅደሩ ውስጥ ማደር የለበትም፤ እርጥበት የያዘ ቆዳ ብረትን ያዝጋል።